የቤተሰብ ምጣኔ ፖሊሲና የጎጃም ሕዝብ ቁጥር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ዳንግላ በጤና ኬላ ደጃፍ፣ በዕድር ስብሰባና ከገበያ መልስ በመንገድ ላይ ስለ ወሊድና ስለ ሕዝብ ቁጥር ስጠየቅ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጠያቂው ይለዋወጣል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። አንዳንዱ የባለሙያ፣ አንዳንዱ የፖለቲካ፣ አንዳንዱ ደግሞ ባል ፊት የማይነሳ የሚስት ጥያቄ ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነዚህኑ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊሲው መቼ ወጣ? ምንስ ይላል?

ብሔራዊው የሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1985 ዓ.ም. በሽግግሩ መንግሥት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ በአብዛኛው ለበጎ አድራጎት የተተወ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራ ነበር፤ አገልግሎቱ ግን ከከተማ ርቆ የገጠሯን ሴት የሚያገኝ አልነበረም።

ፖሊሲው ሁለት የሚቆጠሩ ግቦች ነበሩት። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 እንዲወርድ፣ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ደግሞ ከመቶ 4 ወደ 44 ከፍ እንዲሉ፤ ሁለቱም እስከ 2007 ዓ.ም.። ከእነዚህ ጋር የሴት ልጅ ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ እንዲልና የመከላከያ ዘዴዎችን ማስተዋወቅ የሚከለክለው ሕግ እንዲነሳ ይጠይቃል። “ከዚህ በላይ ብትወልድ ትቀጣለህ” የሚል ቃል የለበትም። ይህን የምለው ቻይናን እየጠቀሱ የሚጠይቁኝ ስለማይጠፉ ነው። የቻይናው የአንድ ልጅ ሕግ መቀጮና ፈቃድ ነበረው፣ የእኛው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። መሬት ላይ ሲወርድ የሆነውን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ታዲያ ግቡ ተመታ?

በአገር ደረጃ አልተመታም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱ አማካይ 4.6 ልጅ ነበር፤ ካገቡት ሴቶች መከላከያ የሚጠቀሙት ደግሞ 36 በመቶ።

የአማራ ክልልን መስመር ብቻ ለይታችሁ ብታዩ ግን ሌላ ታሪክ ታገኛላችሁ። በ1992 ጥናት 5.9 ነበር። በ1997 ወደ 5.1፣ በ2003 ወደ 4.2 ወረደ፤ በ2008 ደግሞ 3.7 ሆነ። ተጠቃሚዎቹ በዚያው ዓመት 47 በመቶ ደርሰዋል። አገሪቱ በሁለቱም ግብ ስትወድቅ ክልሉ ሁለቱንም አልፏል ማለት ነው። “የገጠር ሴት ግንዛቤ የላትም” እያሉ ሪፖርት የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከጠረጴዛቸው በላይ ቢለጥፉልኝ ደስ ይለኛል።

ይህ የአማራ ክልል ነው። የጎጃምስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጥናቱ ናሙና የሚወስደው ክልልን እንዲወክል ተደርጎ እንጂ ዞንን እንዲወክል አይደለም። ስለዚህ “የምሥራቅ ጎጃም ሴት በአማካይ ይህን ያህል ትወልዳለች” ብሎ ከዚያ ጥናት ላይ ጠቅሶ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

በዞን ደረጃ ያለው ቆጠራ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937፣ ምዕራብ ጎጃም 2,106,596፣ አዊ 982,942 ሕዝብ ነበራቸው። ሰሜን ጎጃም ያኔ ራሱን የቻለ ዞን አልነበረም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል። ለ2010 ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ግን አንዴ ከሌላ ጊዜ ሲራዘም ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የምታዩት የጎጃም ሕዝብ ቁጥር ከ1999 ተነሥቶ በስሌት የተገመተ ነው።

ፖሊሲው ለሁሉም አንድ ከሆነ ክልሎች ለምን ተለያዩ?

ከሁሉ በላይ የማስብበት ጥያቄ ይህ ነው።

በዚያው በ2008 ጥናት አዲስ አበባ 1.8፣ አማራ 3.7፣ ኦሮሚያ 5.4፣ ሶማሌ 7.2 ነበሩ። ፖሊሲው አንድ፣ ጤና ሚኒስቴሩ አንድ፣ በመጋዘን ያለው መድኃኒት አንድ። ከሁሉ የሚያስገርመው አዲስ አበባ ነው። ገና በ1992፣ አንድም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ባልተመደበበት ጊዜ፣ 1.9 ላይ ነበር፤ ወላጆች ራሳቸውን ለመተካት ከሚያስፈልጋቸው 2.1 በታች። የቤት ኪራይ፣ ሥራ ማጣትና ዘግይቶ ማግባት ከፖሊሲው ቀድመው ሥራቸውን ጨርሰው ነበር።

ፖሊሲ አቅርቦት ነው፤ መርፌውን፣ ባለሙያዋን፣ ኬላውን ያመጣል። ልጅ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ግን አይፈጥርም። ፍላጎቱ ባለበት ቦታ አቅርቦቱ ሲደርስ ቁጥሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ፍላጎቱ በሌለበት መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። አዲስ አበባ ፍላጎቱ ቀደመ። ጎጃም ውስጥ ሁለቱ በአንድ ዘመን ተገናኙ፤ የእኔ ንባብ ይህ ነው።

ጎጃም ውስጥ ፍላጎቱን ያመጣው ምንድን ነው?

መሬት ነው። ሌላውን ሁሉ ከእሱ በኋላ እደረድራለሁ።

እዚህ መሬት የሚለካው በቃዳ ነው፤ 4 ቃዳ አንድ ሄክታር። 4 ቃዳ ያለው አባወራ ስድስት ልጅ አሳድጎ ቢያወርስ ለእያንዳንዱ አንድ ቃዳ እንኳን አይደርስም። በ1989 በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር። ያኔ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሲያድጉ ግን የሚከፋፈል ነገር አልጠበቃቸውም። ወይ ከአባት ማሳ ተቆርሶላቸዋል፣ ወይ የሰው መሬት በእኩል አርሰዋል፣ ወይ ተሰድደዋል። አንድ የእነማይ ገበሬ ያሉኝን አልረሳውም፦ “አባቴ በሬ አውርሶኛል፣ እኔ ለልጄ የማወርሰው ጅራፍ ነው።” እኚህ ሰው የፖሊሲውን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ከአራተኛው ልጅ በኋላ ግን ባለቤታቸውን ወደ ጤና ኬላ የላኩት ራሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው የሕፃናት ሞት መቀነስ ነው። በ1992 በአገሪቱ ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ወደ 67 ወርዷል። ሦስት ለማሳደግ አምስት መውለድ ግድ የነበረበት ዘመን ነበር። እናት ክትባቱ እንደሚሠራ በጎረቤቷም በራሷም ልጅ ላይ ስታይ “ለመጠባበቂያ” መውለድ ትታለች።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው። ልጅ በዐሥር ዓመቱ ከብት መጠበቁ ቀርቶ ደብተር፣ ጫማና በከተማ የቤት ኪራይ መጠየቅ ሲጀምር ሂሳቡ ተገለበጠ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ዙሪያ ገጠር ልጃቸውን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ የላኩ ወላጆች በየሳምንቱ እንጀራና ሽሮ እየቋጠሩ የሚልኩትን ስንቅ ጠይቋቸው። “ልጅ በዕድሉ ያድጋል” የሚለውን አባባል ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ሲነገር ግን እየሳቁ ነው።

ጤና ኤክስቴንሽንስ ምን አደረገ?

በሩን አቀረበ። መርሐ ግብሩ በ1995 ተጀመረ። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየኬላው ቢያንስ 10ኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች። ከዚያ በፊት ለአንድ መርፌ ግማሽ ቀን በእግር የሚሄድ ሰው ነበር። ባለሙያዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች በመሆናቸው ቋንቋው፣ ለቅሶውም ሠርጉም የጋራ ነው። ሴት ለሴት የማትናገረው ነገር የለም።

ለምን መርፌ ብቻ ይበዛል?

በ2008 በአገሪቱ ካገቡት ሴቶች 23 በመቶው መርፌ ይጠቀሙ ነበር፤ በክንድ የሚቀበረው 8 በመቶ፣ እንክብልና ሉፕ (በማህፀን የሚቀመጠው) እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ገደማ። ምክንያቱን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። እንክብል ቤት ውስጥ ይታያል፣ በየቀኑ መዋጥ አለበት፣ አማት ትጠይቃለች። መርፌ ግን በሦስት ወር አንዴ ነው፤ በገበያ ቀን እንቁላልና ጌሾ ይዛ ወጥታ ተወግታ ትመለሳለች፣ ማንም አያይም። ይህን ነገር ባሎች ፊት ስናገር ጉምጉምታ ይነሳል። ይነሳ።

ጉዳቱም አለ። የሦስት ወሩ ቀጠሮ መድኃኒት ባለቀበት፣ መንገድ በተዘጋበት ወይም ኬላው በተቆለፈበት ሳምንት ከዋለ ጥበቃው ያበቃል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ይህን ብዙ ሴቶች አይተውታል። በ2008 ጥናት መከላከያ ከጀመሩት ከሦስት አንዷ በላይ በዓመት ውስጥ አቋርጣለች፤ ያ ደግሞ በሰላሙ ጊዜ ነው።

በክንድ የሚቀበረውን ዘንግ በጤና ኬላ መስጠት የተጀመረው በ2001 ነው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠለጠኑት ለመቅበር እንጂ ለማውጣት አልነበረም። ማስወጣት የፈለገች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት። በገዛ ቀበሌዋ አስቀብራ ለማስወጣት ሁለት ጊዜ ሄዳ “ባለሙያው የለም” ተብላ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ። እሷን ያየች ጎረቤት ዘንጉን እንደ ወጥመድ ብትቆጥረው አልፈርድባትም። መግቢያው ቅርብ፣ መውጫው ሩቅ የሆነ አገልግሎት በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው ለማለት አፌ ይተሳሰራል።

ግዴታ ነበር ወይ?

በሕግ አልነበረም። ዕቅድ የሚባል ነገር ግን ነበር። በሠራሁበት አንድ ወረዳ “በዚህ ወር ይህን ያህል አዲስ ተጠቃሚ” የሚል ቁጥር ለባለሙያዎቹ ይወርድ ነበር። ቁጥሩን ያልሞላች በስብሰባ ትገመገማለች። እንዲህ ስትገመገም የሰነበተች ወጣት ባለሙያ ቤት ለቤት ስትሄድ ምክሯ ወደ ግፊት ማዘንበሉ አይቀርም፤ ወይም ሪፖርቱን በፈጠራ ቁጥር ትሞላዋለች። ሁለቱንም አይቻለሁ። ከሪፖርት ይልቅ ሴቶቹን በቀጥታ ጠይቆ የሚመዘግበውን የቤት ለቤት ጥናት የማምነውም ለዚህ ነው።

“አማራን ለመቀነስ የታሰበ ነው” ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ በንቀት የሚያልፉት ባለሙያዎች ይሳሳታሉ፤ መነሻ አለውና። በ1987ቱ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር፤ በ1999ኙ 17.2 ሚሊዮን ሆነ። ይህ በዓመት 1.7 በመቶ ዕድገት ነው፣ የአገሪቱ ግን 2.6 በመቶ ነበር። ውጤቱ ቀድሞ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ በመገኘቱ በተወካዮች ምክር ቤት ብዙ አነጋግሯል።

እንግዲህ ነገሩን እንለያይ። የወሊድ መቀነሱ እውነተኛ ነው፤ ሴቶቹ ራሳቸው የወለዷቸውን ልጆች ቆጥረው ከተናገሩት በአራት ጥናት በተከታታይ ታይቷል። ነገር ግን ከሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በነበሩት ዓመታት የክልሉ ሴት አሁንም በአማካይ ከአምስት በላይ ትወልድ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹም በ1997 ገና 16 በመቶ ነበሩ። አምስት ልጅ የሚወለድበት ሕዝብ ዕድገቱ ወደ 1.7 የሚወርደው በመከላከያ ብቻ ሊሆን አይችልም። የቀረውን ሞት፣ ስደትና የቆጠራው ጥራት ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ መርፌው ላይ የሚወርደው ክስ ሂሳቡ አይገጥምለትም። ስለ ቆጠራው የሚነሳው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ መጣል ለማንም አልጠቀመም። “ለዘር ማጥፊያ ነው” በሚል ወሬ መርፌዋን ትታ ሳታስበው ያረገዘች ሴት ዋጋውን ስትከፍል ወሬውን ያወራው ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ቁጥራችን ሲያንስ በጀታችን አይቀንስም?

ይቀንሳል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ቀመር ውስጥ የሕዝብ ቁጥር ትልቁን ክብደት ከሚይዙት አንዱ ነው፤ ክልሉም ለወረዳዎች ሲያከፋፍል እንዲሁ። ፖሊሲውን የፈጸመ ክልል ሕዝቡ በዝግታ ስላደገ ድርሻው ሲያንስ፣ ያልፈጸመው ድርሻው ሲያድግ፣ ይህ በግልጽ የሚጋጭ አሠራር ነው። አንድ የወረዳ ባለሥልጣን “ታዲያ ብትወልዱ አይሻልም?” ብለው ሲቀልዱ ሰምቻለሁ። ቀልዱ ግን እውነት ይዟል። መፍትሔው ቀመሩን ማስተካከልና ቆጠራውን በወቅቱ ማካሄድ ነው። ለበጀት ብለሽ ሰባተኛ ልጅ ውለጂ የተባለች ሴት አላገኘሁም፤ ብትገኝም መልሷን ለመስማት እፈልጋለሁ።

ወሊድ ከቀነሰ ትምህርት ቤቱ ለምን ሞላ?

ያለፈው ዘመን ልጆች ዛሬ ወላጆች ስለሆኑ ነው። በ1999 ከዐሥር ሰው አራቱ ከ15 ዓመት በታች ነበሩ። ከእነዚያ ብዙዎቹ አሁን ትዳር ይዘዋል። እያንዳንዷ ከእናቷ ግማሹን ብቻ ብትወልድም እናቶቹ ራሳቸው ስለበዙ የሕፃኑ ቁጥር ብዙ አይቀንስም። የቆመ መኪና ለማስነሳት እንደሚከብድ ሁሉ የሚሮጥም በአንዴ አይቆምም። በ1.7 በመቶ እንኳን የሚያድግ ሕዝብ በ41 ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ በ2.6 በመቶ ደግሞ በ27።

ሃይማኖታችን ይፈቅዳል?

ይህን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼኻችሁ እተዋለሁ። “ብዙ ተባዙ” የሚለውን ቃል የሚጠቅሱልኝ አሉ፤ በጾም ቀናት መታቀብንና ሁለት ዓመት ማጥባትን እንደ አባቶች ምጣኔ የሚጠቅሱልኝም አሉ። ሁለቱም ጎጃም ውስጥ አብረው ኖረዋል።

የጋብቻ ዕድሜ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ነው የሚያገናኘው። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ማግባት ትችል ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ደግሞ ሁለቱም 18 አደረጉት። ይሁንና በ2003 ጥናት የክልሉ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 14.7 ዓመት ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቀድማ የምታገባ ሴት ብዙ ትወልዳለች ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ቀድማ የምታገባዋ ከብዙዎቹ ክልሎች ያነሰ ወለደች። በልጅነቷ ተድራ፣ ሦስት አራት ወልዳ፣ ከዚያ “በቃኝ” ብላ ማቆሟ ነው ምስጢሩ። ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል። የ15 ዓመት ልጅ በምጥ ስትሰቃይ ላየ ሰው ግን አያምርም፤ የወሊድ አማካይ ስለወረደ ብቻ ሥራው አልቋል የሚል ካለ አልስማማም።

ወጣቱ መሰደዱስ?

የሕዝብ ለውጥ በወሊድና በሞት ብቻ አይወሰንም። መሬት የሌለው ወጣት በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ሎተሪ ያዞራል፣ መተከልና ወለጋ የሰፈረም ብዙ ነው። ከሄደው የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። አንድ ቀበሌ ላይ ሕፃናት ቀነሱ ሲባል ወላጆቹ ቀንሰው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

መርፌው መካን ያደርጋል?

አያደርግም። ነገር ግን የሦስት ወሩ መርፌ ካቆመ በኋላ ማህፀን ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። ይህን አስቀድሞ የነገራት የለም፣ ሦስት ወር ጠብቃ ሳታረግዝ ስትቀር “መከንኩ” ትላለች፣ ወሬውም ከዚያ ይነሳል። በክንድ የሚቀበረውና ሉፑ ግን እንደወጡ ወዲያው ነው የሚመለሰው፤ ቶሎ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ለይታ ትምረጥ።

ስንት ያስከፍላል?

በመንግሥት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ምንም አያስከፍልም። ማስወጣቱም እንዲሁ በነጻ ነው። ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ደረሰኝ ጠይቁት።